ለሰይድ ያልመሰከርኩበት ቀን

ባለፈው ሳምንት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋ ልጄ ቤታችን ሳሎን ተቀምጣ፣ «እማዬ፣ ኮምፒውተርሽን አድሺው፤ የፕሪንተር ድራይቨር ላይ ሰርጎ ገብ የሚያስገባ ቀዳዳ ተገኝቷል» አለችኝ። ቀጥላም ቀዳዳውን ያገኘውን ልጅ ስም ከአምራቹ ምስጋና ጋር ጮክ ብላ አነበበችው። ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁ። ፊቴን እንድታየው አልፈለግሁም።

በሃያዎቹ ዕድሜዬ መጀመሪያ ላይ ኮምቦልቻ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ሰይድ ደግሞ ኮምፒውተር ጠጋኝ። ሁለታችንም የደሴ ልጆች ስለሆንን ጠዋት ጠዋት በአንድ ሚኒባስ እንወርድ ነበር። ክረምት ላይ ደሴን ጉም ውጧት እንነሳና፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ጨርሰን ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራባችንን እናወልቃለን። ስንመለስ ከመንገድ ዳር የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ገዝቶ ለሁለት ይሰብረዋል፤ ትልቁ ግማሽ ሁልጊዜ የእኔ ነበር። እወደው ነበር። ነግሬው አላውቅም።

የቢሯችን ፕሪንተር አመል ነበረው፤ ስሙ የረዘመ ሰነድ ሲላክለት ኮምፒውተሩ ድርቅ ይላል። እኛ ተራግመን እናልፋለን። ሰይድ ግን ለሳምንታት ሲከታተለው ከርሞ፣ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ድራይቨሩ፣ ማለት ኮምፒውተሩን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያነጋግረው ፕሮግራም፣ ለሰነዱ ስም ሜሞሪ ላይ ትንሽ ቦታ ይይዛል» አለኝ። «ስሙ ከቦታው ቢበልጥም ሳይለካ ይቀበለዋል። የተረፈው አጠገቡ ባለው ላይ ይፈስሳል።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ?»

«ተንኮለኛ ሰው በዚያ ትርፍ ውስጥ ትእዛዝ ሸጉጦ ማሽኑን እንዳለ ይይዘዋላ! ለአምራቹ ልጽፍ ነው። መጀመሪያ ግን ላረጋግጥ፤ ባንቺ ኮምፒውተር ልሞክረው?»

«ሞክረው» አልኩት።

ሆነለት። ያለ ይለፍ ቃል የማሽኑ ጌታ ሆነና እንደ ሕፃን ሳቀ። ከኋላችን ቆሞ ያየ አንድ የግዢ ሠራተኛ ግን ለሥራ አስኪያጁ ነገረ። ከሰዓት በኋላ በክፍል ኃላፊዎች ፊት ተጠራን።

«ኮምፒውተርሽን ሰብሮ ገብቷል» አሉኝ ሥራ አስኪያጁ። «አንቺ ፈቅደሽለት ነው?»

እናቴ ታማ ተኝታ ነበር፤ ታናናሾቼም የእኔን ደመወዝ ነበር የሚጠብቁት። ይህን ምክንያት ስደረድር ኖሬያለሁ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ቅጽበት ስለ እነሱ አላሰብኩም። ፈራሁ፣ በቃ።

«አላውቅም» አልኩ።

ሰይድ ዞር ብሎ አየኝ። ሊያጋልጠኝ ይችል ነበር።

«ወላሂ፣ እሷ የለችበትም» አለ።

የዚያኑ ዕለት አሰናበቱት። ደብዳቤው ላይ «የስርቆት ሙከራ» ተብሎ ተጽፏል፤ ያን ይዞ ማን ይቀጥረዋል? ማታ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጦ አየሁትና አብሬው ላለመሄድ ቀጣዩን ሚኒባስ ጠበቅሁ። ከወራት በኋላ በጅቡቲ አድርጎ ወደ ዓረብ አገር መነሳቱን ሰማሁ። ቀጥሎ ጀልባቸው መስጠሙን ሰማሁ።

የድራይቨሩ ማስተካከያ ከአምራቹ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰይድ ሳይጽፍላቸው አልቀረም። በራሴ እጅ ጫንኩት። ረጅም ስም ሰጥቼ ሳትም ወረቀቱ እንደ ልቡ ወጣ። ቀዳዳውን ማን እንደጠቆማቸው የሚል ግን አንድም ቃል አልነበረውም።

እናቱ እማማ ዘይነባ ዘንድ ሄድኩ። «እማማ፣ ሰይድ የሞከረው በእኔ ፈቃድ ነበር። ሲጠይቁኝ ካድኩት» አልኳቸው።

«እንግዲያ ልጄ ሌባ አልነበረም?»

«አልነበረም።»

«አላህማ ያውቅ ነበር» አሉ። «እኔ ሰው እንዲያውቅ ነበር የፈለግሁት።»

እሳቸውም ዐርፈዋል። በዚያ ክፍል ከነበሩት ኃላፊዎች ኮምቦልቻ የቀሩት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው። አንድ ቃል ያጠፋውን ስም አንድ ቃል የሚመልሰው መስሎኝ ትናንት ሄጄ ነገርኳቸው።

«የትኛው ሰይድ?» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀምጬ ከመጀመሪያው ጀመርኩላቸው።