በለቅሶ መኪና የሄደ አልጋ

የየኔአለም አልጋ ከሠርጓ ሰሞን ጀምሮ ተፈታቶ፣ በገመድ ታስሮ፣ የእናቷን ቤት ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። የዋንዛ አልጋ ነው፤ እናቷ ብዙዬ ደብረ ማርቆስ ድረስ አናጢው ዘንድ ተመላልሳ ያሠራችው። ከጎኑ ሳጥን፣ በማዳበሪያ ከረጢት የታሸጉ ጋቢዎች፣ እንዳይጋጩ ጭድ የተጎሰጎሰባቸው ድስቶች ተደርድረዋል። ብዙዬ ባሏ ከሞተ ወዲህ መሬቷን ለእኩል አራሽ እየሰጠች፣ አምበር ገበያ ነጭ ሽንኩርት እየቸረቸረች፣ ሲመሽ እየፈተለች ለአንድ ልጇ ያጠራቀመችው ይኸው ነው።

ሙሽሮቹ ወደ ናዝሬት ሲሄዱ እቃው ይከተላል ተብሎ ነበር። የኔአለምን ያገባው ቢተው እዚያ አስተማሪ ነው። እቃው ግን አልተከተለም። መኪና ለብቻ ለመያዝ ኪራዩ ከእቃው ዋጋ በለጠ። ጤፍ የሚጭን አይሱዙ ላይ ለመደረብ ሁለት ጊዜ ተስማምታ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሾፌሩ ጆንያውን እስከ አፉ ሞልቶ መጣና «እናቴ፣ የት ላድርገው? አናቴ ላይ?» ብሏት ሄደ። የሕዝብ አውቶቡስ አልጋ አይጭንም። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፤ ሲከፈትም ዋጋው ጨምሮ ተከፈተ።

የኔአለም በስልክ «እማዬ፣ ግድ የለም። የተከራየንባቸው ሴትዮ ፍራሽ አውሰውናል» ትላለች። ብዙዬን የሚያንገበግባት ይኸው «አውሰውናል» የሚለው ነገር ነው። አሁን ደግሞ የመውለጃዋ ወር ገብቷል። ልጇ በውሰት ፍራሽ፣ መሬት ላይ፣ በሰው አገር ልትታረስ ነው። ብዙዬ ተኝታም ተነሥታም የምታስበው ይህንኑ ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የእድሩ ዳኛ አቶ ምናለ መጡ። እንደ ወትሯቸው ከደጅ አልተጣሩም፤ ገብተው በሩን ገርበብ አደረጉና ተቀመጡ።

«ብዙዬ፣ ልብሽን ያዥ። የጥሩብርሃን ልጅ አርፏል።»

«የትኛው?»

«አስማማው ነዋ፤ ናዝሬት ያለው። ሁለት ቀን ታሞ ነው አሉ። ትናንት ቀብረውታል።»

ጥሩብርሃን የአጥር ጎረቤቷ ናት፤ በዕድሜ ስለምትበልጣት እታለም ትላታለች። አስማማውን በልጅነቱ ብዙዬም አዝላዋለች። ግንበኛ ሆኖ ከአገር ከወጣ ቆይቷል፤ ለየኔአለም ሠርግ መጥቶ ድንኳኑን የተከለው ግን እሱ ነበር።

«መርዶውን ነገ ሲነጋጋ እንነግራታለን» አሉ አቶ ምናለ። «አንች ቀድመሽ ከጎኗ ሁኚ። እስከዚያ ፊትሽ እንዳይናገር። ማክሰኞ አውቶቡስ ተከራይተን እናቲቱን ይዘን ለቅሶውን እንደርሳለን።»

የብዙዬ እንባ ሊመጣ ነበር። ከእንባዋ ቀድሞ ግን አንድ ሐሳብ መጣባት። የለቅሶ አውቶቡስ ጣሪያው ላይ የሚጭነው የለውም። ለቅሶ ደራሽ የሚይዘው ጋቢውን ብቻ ነው። ናዝሬት ድረስ የጣሪያው ፖርቶመጋላ ባዶውን ይሄዳል።

አማተበች። አቶ ምናለ ያማተበችው ለሟቹ መስሏቸው «አዎ፣ ነፍሱን ይማር» ብለው ወጡ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ ወደ ጥሩብርሃን ግቢ ሲገቡ እሷ ላሟን ልታልብ ጥጃውን ይዛ ቆማለች። ብዙዬ እሳት ልጫር ብላ መጥታ አጠገቧ ነበረች። ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ሲመጣ ለምን እንደሆነ የሚጠፋው የለም።

«ከልጆቼ የትኛው ነው?» አለች ጥሩብርሃን ቀድማቸው።

ሲነግሯት ጥጃው ከእጇ አምልጦ ላሟ ሥር ገባ። የሚመልሰው አልነበረም።

ያን ቀን ብዙዬ አለቀሰች፤ ደረቷንም መታች። ግን መሐል ላይ ያ ባዶ ጣሪያ ብቅ ይልባት ነበር። ለቅሶው ቤት ሲሞላ ከዲማ በኩል በእግር የመጡት እንግዶች እሷ ቤት እንዲያርፉ ተባለ። ቶሎ ሄዳ አልጋውንና ሳጥኑን በሰሌን ሸፈነች። ማንም እንዲያየውና እንዲያነሣው አልፈለገችም። አልጠይቅም ብላ ቆርጣለች።

ከሰዓት በኋላ ለቅሶው ጋብ ሲል ጥሩብርሃን በሰለለ ድምፅ ጠራቻት።

«የየኔአለም እቃ አሁንም እዚያው ነው?»

«ምነው እታለም? በዚህ ቀን ስለ እቃ ትጠይቂኛለሽ?»

«ሄዷል ወይስ አልሄደም?»

ብዙዬ ሄዷል ልትል ነበር። አፏ እንቢ አላት። «አልሄደም።»

«እንግዲያው ነገ ይጫን።»

«ተይ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ይበል።»

«እታለም፣ አንች ሳትረጂ እኔ አስቤዋለሁ። ትናንት ሲነግሩኝ፣ ገና ሳላለቅስለት።»

ጥሩብርሃን የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለች፤ ፈታች። «እናት አይደለሽ?» አለች በመጨረሻ። «ምን ልታስቢ ኖሯል?»

አቶ ምናለ ሲሰሙ አልወደዱትም። «የለቅሶ መኪና ነው ጥሩብርሃን። የሠርግ አልጋ ተሸክሞ ለቅሶ የደረሰ ሰው ታይቶ አይታወቅም።»

«አያ ምናለ፣ እናት ልጇን ሳትቀብር ለቅሶ ስትሄድስ ታይቶ ይታወቃል?»



ማክሰኞ ገና ሳይነጋ እቃው ተጫነ። ነገሩ ያልተነገረው የአውቶቡሱ ረዳት ከላይ ሆኖ ሳጥኑን እየተቀበለ «ምንድን ነው፣ እዚያው ልትከርሙ ነው እንዴ?» አለ። ከታች የሚያቀብለው ሽማግሌ «አንተን ልንድር ነው፤ አፍህን ዝጋና ገመዱን አጥብቅ» አለው። የፈገጉም ነበሩ፤ ጥሩብርሃን ወዳለችበት መስኮት አየት አድርገው ፊታቸውን መለሱ።

ብዙዬ አጠገቧ ተቀመጠች። የዓባይን በረሃ ሲወርዱ መኪናው በታጠፈ ቁጥር አልጋው ከላይ ሲጢጥ ይላል። በጮኸ ቁጥር ብዙዬ አንገቷን ትደፋለች። ጥሩብርሃን ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ ተኝታ እንዳልሆነ ግን የነጠላዋን ጫፍ ከሚጠቀልለው ጣቷ ያስታውቃል።

ድልድዩን ከተሻገሩ በኋላ ኬላ ላይ ተፈታሹ። ወታደሩ ወደ ላይ አንጋጦ «ለቅሶ ነን አላላችሁም? አልጋው የምንድን ነው?» አለ።

ብዙዬ ከመቀመጫዋ ልትነሣ ስትል አቶ ምናለ ቀደሟት። «የልጃችን ነው። ወላድ ናት» አሉ። ወታደሩ በእጁ እለፉ አለ።

ናዝሬት ሊገቡ ሲቃረቡ ሌላ ጭንቅ መጣ። ለቅሶ ደራሽ ራቅ ብሎ ይወርድና እየጮኸ በእግሩ ይገባል። ያ ሁሉ እቃ በላዩ ሳለ ግን መኪናው ለቅሶው ደጅ ሊቆም አይችልም።

«ከመንደሩ ወዲህ ወርደን እንግባና ሾፌሩ ብቻውን አድርሶ ይመለስ» አሉ አቶ ምናለ።

ጥሩብርሃን ዓይኗን ገለጠች። «ማን ያወርደዋል? መጀመሪያ እቃው ይውረድ።»

«ልጅሽ ቤት ሳንደርስ?»

«ልጄማ ከእንግዲህ አይቸኩልም። የምትቸኩለው እሷ ናት።»

ቢተው ተደውሎለት በቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የኔአለምም ከለቅሶው ቤት መጥታ፣ ነጠላዋን ወደ ታች አዘቅዝቃ፣ ሆዷ ገፍቶ ከጎኑ ቆማለች። ወንዶቹ ድምፅ ሳያሰሙ እቃውን እያወረዱ ይቀባበሉ ጀመር። በዚህ መሐል ከማዶ በር አንዲት ጎረቤት ብቅ አለችና አልጋውን፣ ሳጥኑን፣ የገጠሩን ሰው አይታ እልል አለች። ደገመችው።

የተሸከሙት ባሉበት ቀሩ። ብዙዬ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አቶ ምናለ ሴትዮዋን ዝም ሊያሰኙ እጃቸውን ሲያነሡ ጥሩብርሃን በመስኮቱ «ይተዋት» አለቻቸው። «አላወቀችም። ለሙሽራ እቃ እልል ነው የሚባል።»

የኔአለም መስኮቱ ሥር መጥታ የጥሩብርሃንን እጅ ያዘች። ልታለቅስ አፏን ከፈተች።

«አሁን አይደለም» አለቻት ጥሩብርሃን። «እዚያ ስንደርስ።»

ቢተው አማቱን «እማማ፣ እርስዎ ይግቡ፤ ትንሽ ይረፉ» አላት። ብዙዬ ከደጅ ቆማ በተከፈተው በር አየች። መሬት ላይ የተነጠፈው ፍራሽ ከልብስ መስቀያው ሥር ነው። ካሰበችው ይልቅ ንጹሕ ነበር። «አልጋውን አንተ አቁመው፤ ምስማሩ በጨርቅ ተቋጥሮ ሳጥኑ ውስጥ ነው» አለችና ተመልሳ አውቶቡሱ ላይ ወጣች። የኔአለምም ተከተለቻት።

ከለቅሶው ሰፈር ወዲህ ሁሉም ወረዱ። ሴቶቹ ወገባቸውን በነጠላቸው አጠበቁ። ብዙዬ የጥሩብርሃንን ክንድ ያዘች፤ ጥሩብርሃን ግን አልተራመደችም። ግራና ቀኝ የሚሄዱትን መንገዶች፣ የቆርቆሮ አጥሮቹን፣ የማታውቃቸውን በሮች ታያለች።

«የልጄ ቤት በየት በኩል ነው?» አለች።

«በዚህ ነው፣ እቴቴ ጥሩ» አለች የኔአለም። ሆዷን በእጇ ደግፋ ቀደመቻቸው፤ እናቶቹም ተከተሏት።