በጁፒተር አፍንጫ ላይ ያለው ጭረት

ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ፤ የማወርሳቸው የጥንት የሮማ የብር ሳንቲም ግን አንድ ብቻ ነው። ለሁለተኛዋ የሚሆን አምሳያውን ስፈልግ ዳንግላ ገበያ አንድ ጎልማሳ ሦስት አወጣልኝ። በሳንቲሞቹ ላይ የሮማውያን የመብረቅ አምላክ ጁፒተር በአራት ፈረሶች ሠረገላ ላይ ቆሟል። የፈረሶቹን እግር ቆጠርሁ፤ ዐሥራ ስድስት ነው፣ ልክ እንደኔው። ልቤ ግን አላመነም። የኔን ከጎናቸው ደርድሬ ባይ፣ በአራቱም ላይ የጁፒተር አፍንጫ በአንድ ቦታ ተጭሯል።

«ስማ ልጄ፣ እነዚህን ከኔ ሳንቲም ነው የቀዳሃቸው። የኔን ማን ሰጠህ?» አልሁት።

«አባባ፣ የርስዎን ከማን ገዙት?»

«ጫግኒ፣ ጣቱ ከጎደለ አንድ ሽማግሌ።»

ሰውየው ሳንቲሞቹን ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

«አባቴ ነው» አለኝ። «እነዚህን ሁሉ ብር አቅልጠን የምናፈስበትን ቅርጽ ያወረሰኝ እሱ ነው።»