የእትዬ ሎሬታ ነጭ አቡጀዲ

ዛሬ ጠዋት ሐረር፣ መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ያለውን ሱቄን ከፍቼ መርፌው ላይ ክር ሳላስገባ ልጄ ሰብለ ደወለች።

«አባዬ፣ ተቀምጠሃል?»

«ልብስ ሰፊ ቆሞ ይሠራል እንዴ?» አልኳት።

«እትዬ ሎሬታ አርፈዋል። ልጃቸው ከአሜሪካ ጻፈችልኝ።»

አሁንም ልቤ አልተቀበለውም። እሁድ እኮ በስልክ «ጉልበቴ እምቢ አለ፣ አፌ ግን ደህና ነው» ብለውኝ ተሳስቀናል።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። እትዬ ሎሬታ ጥቁር አሜሪካዊት፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐረር መጥተው፣ ፈላና በር ከሚባለው የግንቡ በር አጠገብ ቤት ተከራይተው ዓመት ሊሞላቸው ትንሽ ሲቀር ተመለሱ። ልጆች «ፈረንጆ! ፈረንጆ!» ሲሏቸው፣ «ማንን ነው ብዬ ዞር አልኩ፤ ከኋላዬ ያለው አህያ ብቻ ነው» እያሉ ይስቁ ነበር። አማርኛቸው ውስጥ «እርስዎ» የሚባል ነገር አልገባም። ቄሱን ሳይቀር «አንተ» ነበር የሚሏቸው። ቄሱም ወደዷቸው።

ባገራቸው የጥቁሮችን ታሪክ የሚናገሩ መጻሕፍት ከትምህርት ቤታቸው መደርደሪያ ሲነሱ፣ ከእኩዮቻቸው ጋር በቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት የቅዳሜ ትምህርት ከፈቱ። ፖሊስ የሰፈራቸውን ወጣት የገደለ ጊዜም በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ሰልፍ ወጥተዋል። «ስሙን ስንጠራ እናቱ አንገቷን ቀና አደረገች» አሉኝ አንድ ቀን።

አንድ ጊዜ ከአያታቸው የወረሱትን ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተገጣጠመ የአልጋ ልብስ ይዘውልኝ መጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ የአንድ ዘመዳቸው ልብስ ነው። ጠርዙ ተተልትሎ ስለነበር ዘምዝምልኝ፣ ገበርም አድርግለት አሉኝ። እዚህም እዚያም ባዶ ነጭ ጨርቅ አለበት፣ ልክ እንደ አቡጀዲ። እኛ ዘንድ ነጭ አቡጀዲ የሬሳ መገነዣ ነው። ሰው የሚተኛበት ላይ ማየት ቀፈፈኝ። እኔ ደግ የሠራሁ መስሎኝ በነጩ ሁሉ ላይ አበባ ያለው ጨርቅ ደረብኩበት።

ሊወስዱ የመጡ ቀን ሰብለ አብራቸው ነበረች፣ የምትተረጉምልን እሷ ናት። ገልጠው አዩት። አልተቆጡም። ምላጭ ስጠኝ አሉና ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የኔን ስፌት መተርተር ጀመሩ።

«ምን አጠፋሁ? ጠይቂልኝ» አልኳት ሰብለን።

አንገታቸውን ሳያነሱ፣ ነጮቹን ቁራጮች እየነኩ ተናገሩ፤ ሰብለ ተከትላ ተረጎመች። «ይሄ የአያቴ አያት ነው። ይቺ ሚስቱ ናት። ተሽጠው የመጡ ናቸው፣ ስማቸውን የጻፈ የለም። አያቴ ግን ቦታቸውን ተወችላቸው። ስሙ ጠፋ ማለት ሰውየው አልነበረም ማለት አይደለም።»

ከዚያ ቀና ብለው በራሳቸው አማርኛ፣ «ወንድሜ፣ አንተ አትዝለለው» አሉኝ።

እኔ ግን ሰብለን ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ምክንያቱን ዛሬ ልናገረው። በዚያው ሳምንት፣ ዛሬ አማቼ የሆነው ዳዊት ሰብለን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። በኛ ወግ አጥንት ይቆጠራል፣ እስከ ሰባት ቤት። ዳዊት ከቅድመ አያቱ በላይ መቁጠር አልቻለም። ቅድመ አያቱ በልጅነታቸው ከሩቅ አገር ተገዝተው ሐረር የገቡ ሰው ናቸው፤ ስማቸውም የገዛቸው ሰው ያወጣላቸው ነው። ለሽማግሌዎቹ «ቤታችን ሐዘን ላይ ነው፣ የባለቤቴ ዓመት ይውጣ» ብዬ መለስኳቸው። ለወንድሜ ግን ጓዳ ውስጥ «አጥንቱ የማይታወቅ ሰው ቤቴ አይገባም» አልኩት። ሰብለ ሰምታለች።

በቴሌቪዥን የአሜሪካ ጥቁሮች ሰልፍ ሲታይ «ሰው እንዴት በቆዳው ይናቃል?» ብዬ አማትብ የነበርኩት እኔው ነኝ። ስጾም፣ ሳስቀድስ የኖርኩት እኔው ነኝ። በሟች ሚስቴ ሐዘን ያመካኘሁትም እኔው።

ያን ቀን ሌላ ምላጭ አነሳሁና የቀረውን አብረን ተረተርነው። እሁድ ከቅዳሴ ወጥቼ የሽማግሌዎቹ ታላቅ ዘንድ ሄድኩ፤ «ተመለሱ» አልኳቸው። ሠርጉ ላይ እትዬ ሎሬታ ነበሩ። «ምን አጣደፋችሁ?» ሲሉኝ «እግዚአብሔር ፈቀደ» አልኳቸው። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። በየእሁዱ ስንደዋወል ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ስለ ዝናብና ስለ ጉልበታቸው አውርተን እንዘጋለን።

ዛሬ ሱቄን ዘጋሁና ሸዋ በር አጠገብ ወዳለው የዳዊት መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ያኔ ጓዳ ውስጥ ያልኩትን ቆሜ ነገርኩት። ወንበር አቀረበልኝና፣

«አውቃለሁ፣ አባባ» አለኝ። «ሰብለ ገና ያኔ ነግራኛለች።»

ይህን ሁሉ ዓመት አውቆ፣ በዓል በመጣ ቁጥር ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ይስም ነበር። ይቅር በለኝ አልኩት። ከወንበሩ አነሳኝና አቀፈኝ። ስለ እትዬ ሎሬታ ልጽፍ ነው፣ ያንተን ነገር ግን ልተወው? አልኩት።

«ይጻፉት። የቅድመ አያቴን ነገርም አይዝለሉት» አለኝ።

እትዬ ሎሬታ፣ ይኸው የቀረውን ግማሽም ሰሙት። ዘግይቼብዎታለሁ። ቁም ነገር የሚገባኝ እንደ ሥራዬ ነው፤ መጀመሪያ አበላሽቼ፣ ተርትሬ፣ እንደገና ስሰፋ።

ነገ ስጸልይ ስምዎን በሙሉ እጠራለሁ። ከስምዎ ቀጥሎ ትንሽ ዝም እላለሁ፣ ስማቸው ላልደረሰን ለእርስዎም ለዳዊትም ቅድመ አያቶች። እዚያ ካገኟቸው ስማቸውን ይጠይቁልኝ።

በሰላም ይረፉ፣ እህቴ። አልዘልላቸውም።