ሳልታመም ሲያስታምሙኝ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ሐምሌ መገባደጃ ላይ ነው። ዓመት አልፎታል፤ ግን አሁንም መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው ቆም ብሎ «ተሻለሽ ወይ?» ይለኛል። ምን ብዬ እንደምመልስ ግራ ስለሚገባኝ አልረሳውም።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ። ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት ሳውዲ በሰው ቤት ሠርቻለሁ። ከተመለስኩ በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ የስፌት መኪናዬ ላይ ደብተር ዘርግቼ የሳውዲውን ኑሮዬን መጻፍ ጀመርኩ። አንዱ ደብተር ሦስት ሆነ፣ ሦስቱ ስድስት። ጡረታ የወጡ አንድ የአማርኛ አስተማሪ አንብበው፣ ፊደሉን አርመው «ይኼ መታተም አለበት» አሉኝ። እሳቸው ይህን ባይሉኝ ኖሮ ሰላሜን ይዤ እቀመጥ ነበር።

ማተሚያ ቤት ስጠይቅ ክፍያው በቅድሚያ ነው ተባልኩ። እሱም ዋጋው የሚቆየው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ፤ ከዚያ የወረቀት ዋጋ ይጨምራል። አሳታሚ የሚባል ሰው አላውቅም። የማውቀው በየዓረብ አገሩ የሚሠሩ የሐይቅና የአምባሰል ልጆች የተሰባሰቡበትን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። መጽሐፉ የእነሱም ኑሮ ስለሆነ ትንሽ ትንሽ ቢያዋጡ ይታተማል አልኩ። ያዋጣ ሁሉ ስሙ ከመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ይሰፍራል፣ ሲታተምም አንድ አንድ ይደርሰዋል። ይህንኑ በረጅሙ ጽፌ፣ ፎቶዬንና የሒሳብ ቁጥሬን አያይዤ ለቀቅኩት።

በሁለት ሳምንት ዘጠኝ ሰው አዋጣ። ከዘጠኙ ሁለቱ ዘመዶቼ ናቸው።

እኔ ደግሞ መጠበቅ የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። የደንበኛ ልክ እየወሰድኩ በአንድ ዓይኔ ስልኬን አያለሁ። የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ። ወሩ እየተገባደደ ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ ነበር በጭንቅላቴ ውስጥ የሚዞረው፤ ይህ መጽሐፍ አሁን ካልታተመ መቼም አይታተምም።

በመጨረሻ ሪያድ ለምትሠራው የአክስቴ ልጅ ለፈትያ ደወልኩ። በግሩፑ ውስጥ የፈትያ ቃል ይሰማል። የታመመ ሲኖር፣ አሠሪ ያባረራት ስትኖር መዋጮ የምታስተባብረው እሷ ናት።

«ያንች ማስታወቂያ ረዘመ፣ ማን ያነበዋል?» አለችኝ። ዕቃ እያጠበች ነበር፤ ሲንኳኳ ይሰማኛል። «አብሽሪ፣ እኔ በአጭሩ አደርገዋለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ስልኬን ስከፍት ዓይኔን አላመንኩም። ገንዘብ ገቢ ሆነ የሚለው መልእክት ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ዋለ። ከዱባይ፣ ከኩዌት፣ ከጅዳ። የማላውቃቸው ሰዎችም ጽፈውልኛል። «አላህ ዓፊያሽን ይመልስልሽ» ይላል አንዱ። «አብሽሪ እህቴ፣ ይህም ያልፋል» ይላል ሌላው። «ያ ረቢ፣ ለእናቷ ስትል ማራት» ያለችም ነበረች።

እኔ ጅሏ ምን መሰለኝ? ደራሲነት እንዲህ ነው ለካ አልኩ! የሳውዲውን ስቃዬን ሰምተው ያዘኑልኝ መስሎኝ ለእያንዳንዳቸው መልስ ጻፍኩ። አንዷ «ሕመሙ ጠናብሽ?» ብትለኝ «ከባድ ነው፣ ግን መጻፉ ያሳርፋል» ብዬ መለስኩላት።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ እትየ ዘውዲቱ መጡ። ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚሸጡ ሴት ናቸው። የዓሣ ሾርባ በክዳን ዕቃ ይዘዋል። ስፌት ላይ ተቀምጬ ሲያገኙኝ ክው አሉ።

«ምነው ተነሳሽ? ተኝ እንጅ!»

«ምን ሆኜ ልተኛ፣ እትየ?»

«ተይ ልጀ፣ ከኔማ አትደብቂ። ልጀ ከቤሩት ደውላ ነግራኛለች። ለግሸን ማርያም ተስያለሁ። አንች ብቻ ዳኝልኝ እንጅ፣ ለመስከረም ዣንጥላ ይዠ እወጣለሁ።»

ያኔ ነው የፈትያን ማስታወቂያ ከፍቼ ያየሁት። የለጠፈችው ፎቶ ከሳውዲ ስመለስ የተነሳሁት ነው፤ ጉንጬ ገብቶ፣ ዓይኔ ፈጥጦ። ከሥሩ እንዲህ ይላል። «ለእህታችን ለዘይነባ ማስታመሚያ። የቻላችሁትን። ሼር አድርጉ።»

ማሳተሚያ ነበር መሆን የነበረበት።

ፎቶ፣ የሒሳብ ቁጥር፣ ማስታመሚያ። ይህን ያየ የእኛ አገር ሰው ሌላ ምን ያስባል? ስንቱን በዚህ መንገድ አሳክመናል። እኔም ራሴ ባየው እጄን እዘረጋ ነበር።

እትየ ዘውዲቱ ፊቴ ቆመው ይጠብቁኛል። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩና ሾርባውን ጠጣሁበት። ይባስ ብሎ እንደ በሽተኛ ቀስ ብዬ ነው የጠጣሁት። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

እንደሄዱ ፈትያ ጋ ደወልኩ።

«ወይኔ! ወላሂ ማሳተሚያ ያልሁ መስሎኝ ነው» አለች። «በዚህ ወር ብቻ ለሦስት ሰው ማስታመሚያ ጥፌያለሁ። ጣቴ ለምዶት ነው።»

«አሁኑኑ አርሚው።»

«ስሚኝማ፣ ገንዘቡ እኮ ሞልቷል። መጀመሪያ አሳትሚው። መጽሐፉ ሲደርሳቸው ስቀው ይተውታል። አሁን ብትነግሪያቸው ግን መልሽልን ነው የሚሉ። እኔንስ ከእንግዲህ ማን ያምነኛል? ነገ የእውነት በሽተኛ ቢመጣ በምን አፌ እለምናለሁ?»

ያለችው ሁሉ እውነት ነበር። «እስከ ነገ ላስብበት» አልኳት። ጥፋቴ ይኸው ነው፤ በሌላ በማንም አላሳብብም።

የቀረውን ቀን መቀመጫ አጣሁ። ሊታተም ነው፣ ሊታተም ነው እያልኩ ራሴን አባብላለሁ። ወዲያው ደግሞ ጤነኛዋ በበሽተኛ ስም በላች ሲሉኝ ይሰማኛል። ጨርቅ ቆርጬ ልኩን ረሳሁ። ሰው በበሩ ሲያልፍ ብስቅም፣ ባስልም ጉድ ነው ብዬ አፌን በመዳፌ እይዛለሁ። ስልኩ ይጮሃል፣ ሰው ያዋጣል። እያንዳንዱ ድምፅ ጠዋት ደስታዬ ነበር፤ አሁን ግን ስልኩን ጨርቅ ሥር ቀበርኩት።

በነጋታው ጠዋት ወንድሜ ሙሄ ደወለ። ሙሄ ከእናታችን ጋር ነው የሚኖረው፣ ከውጫሌ ሽቅብ ሁለት ሰዓት በእግር በሚያስኬድ የአምባሰል መንደር።

«እንዴት አደርሽ? ሕመሙስ?»

«ሙሄ፣ እኔ ደህና ነኝ። ምንም አልታመምሁም።»

«እንደሱ ትላለች ብለውናል» አለኝ።

የጎረቤታቸው ልጅ ከጅዳ ደውላ ነው የነገረቻቸው። ከሐይቅ ውጫሌ በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ወሬው ግን በሪያድና በጅዳ ዞሮ አምባሰል ገብቷል።

«እማየን አገናኘኝ።»

«የለችም። ሲነጋጋ ላሟን ይዛ ወደ ውጫሌ ወረደች። ገበያ ነው ዛሬ። ሸጣ ወዳንች ልትመጣ ነው።»

ላም ያለን አንድ ናት። ወተቱም፣ ቅቤውም፣ የእናቴ ጨውና ጋዝም ከእሷ ነው የሚወጣው።

«ምነው ዝም አልሃት?» ብዬ ጮህኩ።

«ልጄ ስትሞት ላም ልጠብቅ ወይ? አለችኝ። ምን ልበላት? ዘሩን ዘርቸ ልከተልሽ ብላት ጥላኝ ሄደች። ስልክ እንደሁ አትይዝም።»

ሱቄን ለጎረቤት አደራ ብዬ ሮጥኩ። ሚኒባሱ ካልሞላ አይንቀሳቀስም። ሁለት ሰው ቀረ ሲሉ የሁለቱን እኔ ልክፈል አልኩ። ረዳቱ «ምን የሚያስቸኩል ነገር ገጠመሽ?» ሲለኝ «እናቴ እኔን ልታሳክም ላም እየሸጠች ነው» አልኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝና በሩን ዘጋ። ዝናቡ ይወርዳል፣ በግ የሚነዱ ሰዎች መንገዱን ዘግተውታል፣ ሾፌሩ ለሁሉም ጥሩምባ ይነፋል። እጄ ላይ ያለው ስልክ «አላህ ያሽርሽ» የሚል መልእክት ማምጣቱን አላቆመም። ላሟ ብትሸጥ፣ በኔ ዝምታ ነው የተሸጠችው። ከትናንት ወዲያ ያን ሾርባ ሳልጠጣ እውነቱን ብናገር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። አይ፣ ከትናንት ወዲያ አይደለም፣ ትናንት ነው። ቀኑ ራሱ ጠፍቶብኛል።

ውጫሌ እንደወረድኩ በባጃጅ ወደ ከብት ተራ በረርኩ። እናቴን ከሩቅ አየኋት። ገመዱን በእጇ ጠምጥማ ቆማለች። አንድ ሰውዬ የላሟን ጥርስ እያየ ነው።

«እማየ! እንዳትሸጫት!»

በጭቃው ውስጥ ስሮጥ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰውዬው የላሟን አፍ ለቀቀና «የምትሞተዋ ይች ናት?» አለ። «ይችማ እኔን ትቀብራለች!»

እናቴ አልሳቀችም። በእጇ ጀርባ ግንባሬን፣ አንገቴን ዳሰሰች። ዓይኔን ገልጣ አየች። ትኩሳት ስታጣብኝ ትከሻዬን በጥፊ አለችኝ።

«ምን ሆነሽ ነው እንግዲያ?»

«መጽሐፍ ነው እማየ። ማስታመሚያ አይደለም፣ ማሳተሚያ ነው።»

«ሁለቱ ምንና ምን ናቸው?»

ነገርኳት። ሰውዬው ነገሩ ገብቶት ሳቁን ይዞ ሄደ። እናቴ ግን ፊቷ አልተፈታም። ላሟን ጎትታ አንድ ዛፍ ሥር አስጠጋችን።

«ላም ሊያሸጥ የደረሰ ምን ተጥፎበት ነው? አንብቢልኝ።»

ይህን አልጠበቅኩም። እናቴ ማንበብ አትችልም። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሁሉ በድፍረት የጻፍኩት እሷ መቼም አትሰማውም ብዬ ነው። ለማተሚያ ቤቱ የተተየበው ጽሑፍ ስልኬ ውስጥ አለ። የሚያስቀውን፣ የአሠሪዬ ልጆች አማርኛ የተማሩበትን ምዕራፍ ላነብላት ፈለግኩ። ግን ሰሞኑን የዋሸሁት በቃኝ። በሁለተኛው ዓመት የሆነውን አነበብኩላት።

ትኩሳት ይዞኝ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ የሩዝ ጆንያ አጠገብ አሥራ ዘጠኝ ቀን ወድቄ ነበር። እመቤትየዋ ውሃ በር ላይ አስቀምጣልኝ ትሄዳለች፤ እንዳይጋባባት ትፈራለች። ዓርብ ዓርብ ለእናቴ እደውላለሁ። «ደህና ነኝ እማየ፣ በልቻለሁ፣ ወፍሬያለሁ» እላታለሁ። ስጨርስ ስልኩን ይዤ ግድግዳውን እደገፋለሁ።

ላሟ ሣር ፍለጋ ገመዱን ትጎትታለች፤ እናቴ ግን አልተሰማትም።

«ታመሽ ነበር ለካ» አለች።

«ድሮ እኮ ነው፣ እማየ።»

«ማን አስታመመሽ?»

«ማንም።»

በሻሿ ጫፍ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች። እኔም በከብት ተራ መሀል፣ ሰው እያየኝ፣ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ሳውዲ ሰባት ዓመት እንደዚያ አላለቀስኩም።

ቆይታ «እንግዲያ አልዋሹም» አለች። «ዘግይተው ነው የደረሱልሽ። ግን ንገሪያቸው። ሰው የሰጠበትን ይወቅ።»

እዚያው ቆሜ ለግሩፑ እውነቱን በድምፄ ቀዳሁት። ዘይነባ ነኝ፣ ጤነኛ ነኝ፣ ቃሉ ተሳስቶ ነው፣ ካወቅሁ በኋላ ዝም ያልኩት ግን በስህተት አይደለም፤ ይመለስልኝ ያለ ሁሉ ዛሬውኑ ይንገረኝ አልኩ። ላሟ መሀሉ ላይ እምቧ ብላለች። አልደገምኩትም፣ እንዳለ ላክሁት።

የሰደበኝ አለ። «አጃኢብ!» ብሎ የሳቀ አለ። ገንዘቡን ያስመለሰም ብዙ ነው፤ አልፈረድኩበትም። ከግማሽ የሚበልጠው ግን «ይታተም» አለ። እንዲያም ሆኖ በወሩ መጨረሻ አልሞላም፤ ዋጋውም ጨመረ። መጽሐፉ የታተመው ከስድስት ወር በኋላ፣ ካሰብኩት አሳንሼ፣ በሳሳ ወረቀት ነው። ፈትያ ሁለት ወር አኩርፋኝ ነበር። እትየ ዘውዲቱ «ስለት ስለት ነው» ብለው ግሸን ወጥተው መጡ።

አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ አላሳረፈኝም። ከኩዌት ገንዘብ የላከች አንዲት ሴት «እኔም በሰው ቤት ነኝ፣ በየሶላቴ ዱዓ አደርግልሻለሁ» ብላ ጽፋልኝ ነበር። እውነቱን በተናገርኩበት ቀን ከግሩፑ ውስጥ የለችም፤ ስልኳም አይሠራም። ስሟን በመጽሐፉ መጨረሻ አስፍሬዋለሁ። ሰምታ ይሆን፣ ወይስ አሁንም በአንድ ሰው ማድ ቤት ውስጥ ሆና ለኔ ጤና ትለምን ይሆን፣ አላውቅም። ሳስበው ከተቀመጥኩበት ያስነሳኛል።

ገንዘቧን ለብቻ አስቀምጬዋለሁ፤ በተገኘች ቀን እመልስላታለሁ። ዱዓዋን ግን አልመልስም። እሱ ያኔ የሩዝ ጆንያ አጠገብ የታመመችውን አግኝቷታል።