ራጅ ላይ የወጣው እመት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም። ቀጥሎ የማወራው የተማረ ሰው ሥራ ስለማይመስል ነው።

ታላቅ እህቴ በጡት ካንሰር ከሞተች ጀምሮ ሐኪሞች ተመርመሪ ይሉኝ ነበር። እኔም ዛሬ ነገ ስል አራት ዓመት አለፈ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ለጡት ራጅ ልሄድ ስነሳ እናቴ ከምትኖርበት ከሮብ ገበያ ከተማ ደረሰች። ከቤተ ክርስቲያን የመጣውን እመት፣ ያንን የተባረከ አፈር፣ በውኃ ለውሳ ሁለቱንም ጡቴን ቀባችኝና "እንዳትታጠቢው" አለችኝ። አልታጠብኩም። ተማሪዎቼ ይህን ባይሰሙ ደስ ይለኛል።

ማሽኑ ጡቴን ጨፍልቆ አነሳው። ሐኪሙ ምስሉን አየና ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። ጤፍ የተበተነበት ይመስል ከዳር እስከ ዳር ነጫጭ ነጥብ ነው። እኔ በልቤ ተዝካሬን ሳወጣ እሱ "ዱቄት ነገር ተቀብተዋል እንዴ?" አለኝ። አፈርም በራጅ ነጭ ሆኖ ይታያል ለካ።

"ታጥበው ይመለሱ" አለኝ። አብራኝ የመጣችው እናቴ እግር እንዳይረግጠው ብላ እጣቢውን በጆግ ተቀበለች። ጆጉን ታቅፋ ወረፋ ከያዙት ሴቶች መሀል ተቀመጠች።

ሁለተኛው ምስል ላይ ጤፉ ጠፋ። ልስቅ ስል ሐኪሙ በግራ ጡቴ ውስጥ ተጠጋግተው የቀሩ ጥቂት ነጥቦች አሳየኝ። ቅርጻቸው የተዘበራረቀ ነው። "እነዚህ በሳሙና አይለቁም" አለኝ። በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ከሳምንት በኋላ ስንመለስ ውጤቱ ካንሰር ነበር፤ ግን ከወተት መተላለፊያው ቱቦ ግድግዳ ገና አልወጣም። በእጅ ቢዳሰስ እንኳ አይገኝም። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና እንደሚወጣ ነገረኝና፣ አራት ዓመት የለገምኩትን ሴትዮ "ጎበዝ፣ በጊዜ መጡ" ብሎ አመሰገነኝ።

ደጅ ለምትጠብቀኝ እናቴ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳኋት። እግዚአብሔርን አመሰገነች።

"የእህትሽም መጀመሪያ እንዲህ ነበር?" አለችኝ። "ያን ሁሉ ወር ጸበል ይዣት ከምቀመጥ እዚህ ባመጣት ትተርፍልኝ ነበር?"

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ሳትተርፍ አትቀርም ነበር።

"አይ እማዬ" አልኳት። "የሷ ሌላ ዓይነት ነው። የትም ብትወስጃት አትተርፍም ነበር።"