አሥራ ዘጠኝ ቀን የጎደለው ፓስፖርት

እህቴ ከባሕር ላይ የደወለችልኝ ኅዳር ውስጥ ነው፤ መሐል ሜዳ ከተማ ቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪዎቼን የሂሳብ ፈተና ሳርም። እህቴ ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ላይ የእንግዶችን ክፍል ታጸዳለች። ከአገር ከወጣች ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። መጀመሪያ ዓረብ አገር ሰው ቤት ሠራች፣ ቀጥሎ ሆቴል ገባች፣ ከሆቴሉ ወደ መርከቡ ተሻገረች። እናታችን ስታርፍ እንኳ ለቀብር አልደረሰችም፤ በስልክ ነው ያለቀሰችው፣ እኔም በስልክ ነው ያባበልኳት።

ያን ቀን ግን በደስታ ትጮህ ነበር።

"እትዬ! ፈቀዱልኝ! ከቤተሰብ አንድ ሰው መጋበዝ ትችያለሽ አሉኝ። ሳምንት ሙሉ እዚሁ መርከቡ ላይ!"

"ማንን ልትጋብዢ ነው?" አልኳት።

"አባባን ነዋ! ሌላ ማን አለኝ?"

እውነቷን ነው፤ አባታችን ሰባውን አልፈዋል፣ ከእንግዲህ ስንት ዓመት ይጠብቋታል? ግን "ሌላ ማን አለኝ" ያለችው ቃል ልቤ ላይ ቁጭ አለ። ጸጉሯን እየሠራሁ፣ ደብተሯን እየሸፈንኩ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ስትሄድ ደብረ ብርሃን ድረስ ሸኝቼ፣ አውቶቡሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ የቆምኩትም እኔ ነኝ። ይህንን አላልኳትም። "እንኳን ደስ አለሽ" ብቻ አልኳት።

"የአባባ ፓስፖርት ጊዜው አልተቃጠለም አይደል? ቀኑን እይልኝና ንገሪኝ" አለችኝ።

አባታችን ሞላሌ ነው የሚኖሩት። ባና ሠሪ ናቸው፤ ከበግ ጠጉር የሚሠራውን ያን ወፍራም የመንዝ ብርድ ልብስ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሸምኑ ኖረዋል። ፓስፖርት ያወጡት ከደብራቸው ሰዎች ጋር ፋሲካን ኢየሩሳሌም ለመዋል አስበው ነበር። በዚያው ክረምቱ አልፎ በጋ ሲገባ እናታችን ታመመች፣ እሳቸውም ቀሩ። እሷ ከፋሲካ በፊት አረፈች። ፓስፖርቱ አንድም ማኅተም ሳያርፍበት ሣጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ቅዳሜ ሞላሌ ወረድኩ። ወሬውን ስነግራቸው ሥራቸውን አቁመው አዳመጡኝ።

"መርከብ ስትይ እንደ ታንኳ ያለው ነው?"

"አይደለም አባባ፤ የሞላሌ ገበያ ሙሉውን ይገባበታል።"

"ከነአህያው?"

"ከነአህያው።"

ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ "ደግ ነው። እናቷ ለሷ ብላ የነገረችኝ አደራ አለ። በስልክ የሚባል ስላልሆነ ይዤው ተቀምጫለሁ። እንግዲህ በአካል አደርስላታለሁ" አሉ።

አደራ መኖሩን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ምን እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም።

ፓስፖርቱን ከሣጥኑ አውጥተው ሰጡኝ። የሚያበቃበት ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የተጻፈው፤ ወደኛ ስመልሰው ሐምሌ በባተ በሁለተኛው ቀን ሆነ። ከኅዳር እስከ ሐምሌ በጣቴ ቆጠርኩ። "ስምንት ወር ገደማ አለው፤ ይበቃል" ብዬ ለእህቴ ጻፍኩላት። እሷም ወረቀቱን ሞልታ አስገባች።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ደወለች። ድምፅዋ ተለውጧል።

"እትዬ፣ መልሰውታል።"

"ምኑን?"

"ፓስፖርቱን። ተጓዡ ከመርከብ ከሚወርድበት ቀን በኋላ ስድስት ወር ሙሉ የሚያገለግል መሆን አለበት ይላሉ። ከሚነሳበት አይደለም፤ ዛሬም አይደለም፤ ከሚወርድበት። አሥራ ዘጠኝ ቀን ጎደለው።"

ጉዞው ከጥምቀት በኋላ ተነስቶ ሳምንት የሚቆይ ነበር። ወረቀት አምጥቼ እንደገና ቆጠርኩ። አሥራ ዘጠኝ ቀን። ስንት ዓመት ሂሳብ ያስተማርኩ ሰው ስድስት ወር መቁጠር አቃተኝ። ኅዳር ላይ አውቄው ቢሆን ኖሮ ለማሳደስ ጊዜ ነበረን። አሁን የተጓዦቹ ስም የሚዘጋው በገና ሰሞን ነው፤ የአዲሱ ፓስፖርት ቁጥር ከዚያ በፊት መድረስ አለበት።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠየቅኩ። መሐል ሜዳ ካለ ኢንተርኔት ቤት የእድሳት ማመልከቻውን አስሞላሁ፤ አሮጌውን ፓስፖርትና መታወቂያቸውን ኮፒ አስነሳሁ፤ የቀጠሮውን ወረቀት ይዤ አባባን ወደ አዲስ አበባ ወሰድኳቸው። መንገዱ በዚያ ሰሞን አንዴ ይከፈታል አንዴ ይዘጋል። ደብረ ብርሃን ሁለት ቀን አደርን፤ በሦስተኛው መኪና ተገኘ።

የኢሚግሬሽን ቢሮው ውስጥ ተራችን ደርሶ አባባ አሻራ የምታነሳው ልጅ ፊት ቀረቡ።

"አባባ፣ ጣትዎን ጫን ያድርጉት።"

"ጫንኩት እኮ ልጄ።"

ማሽኑ አላነበበም። ሌላውን ጣት ሞከረች፤ እሱንም እንቢ አለ። እጃቸውን ገልብጣ አየችው።

"ሥራዎ ምንድን ነው?"

"ባና እሠራለሁ። ሃምሳ ዓመት ጠጉር ሲመላለስበት መስመሩን በላው።"

ልጅቱ አልተቆጣችም። እርጥብ ጨርቅ አምጥታ ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠረገች። "አሁን ወዝ እንዲይዝ ግንባርዎ ላይ አሸት አሸት ያድርጉትና ይሞክሩ" አለቻቸው። እንዳለቻቸው አደረጉ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ማጉረምረም ጀምሯል። ስንት ጊዜ እንደሞከረች አላስታውስም፤ በመጨረሻ ማሽኑ ተቀበለ። አባባ ረጅም መንገድ እንደሄደ ሰው ተነፈሱ።

"ወዴት ሊሄዱ ነው?" አለቻቸው።

"ልጄን ላያት። ባሕር ላይ ናት።"

"ያገናኛችሁ" አለች፤ ቀጣዩን ሰው ጠራች።

ወደየቤታችን ከተመለስን በኋላ ያለው መጠበቅ ብቻ ነው። እኔ ፓስፖርቱ መውጣቱን በየቀኑ በስልኬ አያለሁ፤ አባባ በየሁለት ቀኑ ይደውላሉ፤ እህቴ መርከቧ ወደብ በደረሰ ቁጥር "ወጣ?" ብላ ትጽፋለች። "ገና ነው" እላታለሁ። አባባ ግን ዝግጅታቸውን አላቆሙም። ለእሷ የሚሆን ባና ጀምረው ነበር፣ የገና በዓል ሳይደርስ ጨረሱት፣ አጥበው አሰጡት። "ባሕር ላይ ብርድ አለ ይላሉ" አሉኝ።

ገና አለፈ። የስሙ መዝገብ ተዘጋ። ጥምቀትም አለፈ። መርከቡ በተነሳ ቀን እህቴ ቪዲዮ ላከችልኝ፤ የሌሎቹ ሠራተኞች እናቶችና አባቶች ሻንጣቸውን እየጎተቱ በመሳፈሪያው ድልድይ ሲገቡ፣ ልጆቻቸው ሲያቅፏቸው። እሷ ከጎን ቆማ ታጨበጭባለች። ለአባባ አላሳየኋቸውም።

ፓስፖርቱ የወጣው ጥር ሊያልቅ ሲል ነው። አምጥቼ ሞላሌ ወሰድኩላቸው። ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩት።

"ስንት ዓመት ይሄዳል ይሄኛው?"

"አምስት።"

"እግዜር ሳይሰጠኝ እነሱ ሰጡኝ" አሉና ሳቅ አሉ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በውስጤ ሲመላለስ የከረመውን አወጣሁት። "አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ቀኑን በትክክል አልቆጠርኩም። እና ደግሞ... እኔን ስላልጋበዘችኝ ቅር ብሎኝ ነበር። አውቄ ይሁን ሳላውቅ፣ ደህና አድርጌ አላየሁት ይሆናል ብዬ ራሴን እጠረጥራለሁ።"

ፓስፖርቱን ሣጥኑ ውስጥ መለሱት። ከዚያ፣ "ልጄ፣ ሰው ዛሬን ነው የሚቆጥር። መመለሻውን ማን ቆጥሮ ያውቃል?" አሉ። "ቅር ማለትሽ ግን ደግ ነው። የናፈቀ ሰው ቅር ይለዋል። ባትጋብዘኝስ ብለሽ ግድ ባይሰጥሽ ኖሮ እሱ ይከፋኝ ነበር።"

ሣጥኑን ዘግተው፣ "በይ ደውዪልኝ። አደራው ከኔ ጋር እንዳይቀር ፈራሁ" አሉ።

ደወልኩ፤ አነሳች። ስልኩን ሰጥቻቸው ወደ ውጭ ወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ነፋሱ የገብሱን እብቅ ከአውድማው ላይ ያበናል። በሩን አልፎ የአባባ ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ረጅም ጊዜ ተናገሩ፣ ረጅም ጊዜም ዝም ብለው አዳመጡ። ስገባ ስልኩ ጭናቸው ላይ ነው፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

"ነገርኳት" አሉኝ። ምን እንደነገሯት ዛሬም አላውቅም። የእሷ ነው፤ የተላከው ለእሷ ነው።

በዚህ ዓመት እህቴ እንደገና ተፈቀደላት። አባባ ሲሰሙ እጃቸውን አወዛወዙ። "እኔ የምላትን ብያታለሁ። ጉልበቴም መንገድ አይችልም። አንቺ ሂጂ።"

"አባባ፣ የደከምንበት ፓስፖርት እኮ ነው።"

"ይቀመጥ። አንቺ ሂጂ አልኩሽ።"

መስከረም ላይ የራሴን አመለከትኩ። በሕይወቴ የመጀመሪያው ነው። ሰሞኑን በእጄ ገባ፤ ሽፋኑ ገና አልለሰለሰም። ትናንት እህቴ ስትደውል ስለ ክፍሏ ነገረችኝ፤ መስኮት የለውም፣ አልጋው ጠባብ ነው፣ ቀን ቀን እሷ ሥራ ላይ ስትሆን እኔ የመርከቡ ሰገነት ላይ ወጥቼ ባሕሩን እያየሁ እጠብቃታለሁ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ።

"እትዬ፣ ብታዪኝ የምታውቂኝ ይመስልሻል?"

"በቪዲዮ አይሽ የለ እንዴ?"

"ቪዲዮ ሌላ ነው። ስሄድ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አረማመዴም ተለውጧል ይሉኛል።"

"አውቅሻለሁ" አልኳት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ግን አረማመዷን ለማስታወስ ሞከርኩ፤ የመጣልኝ ወደ አውቶቡሱ ስትሄድ ከጀርባዋ ያየሁት ብቻ ነው። ጉዞዬ ከጥምቀት በኋላ ነው። ዛሬ ኅዳር ገና ገባ።