አንገረብ ባሕር ገባች

ዛሬ እስራኤል አገር፣ ክርያት ያም ባሕር ዳር መርከብ እንደ ጥጃ አስሬ ስጎትት ዋልኩ።

መርከቧን ከእንጨት የሠሯት የምንከባከባቸው አዛውንት፣ ሳባ ዳን ናቸው፤ ሳባ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት እንግሊዞች በወንዞቻቸው ስም የጠሯቸው ዲስትሮየር የሚባሉ የጦር መርከቦች ትንሽ አምሳያ ናት።

«ስሟን አንቺ አውጪላት» ሲሉኝ የጎንደሩን ወንዝ፣ የአንገረብን ስም ሰጠኋት።

ያሰርኳት እንዳትጠፋባቸው ፈርቼ ነው፤ አገር ቤት ጥጃ ወንዝ የምናሻግረው እንዲያ ነበር። አንዲት ሴት «ውሻ ነው የምታናፍሱት?» ብላ ሳቀችብን።

ትልቅ ማዕበል ሲመጣ ሳባ የሁለት ዓመት ልፋታቸው ሲሰምጥ ላለማየት ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ሰመጠች?»

«ኧረ ሳባ፣ ዓይንዎን ይግለጡ! አፍንጫዋን ቀና አድርጋ እየመጣች ነው!»

«ታዲያ እንግሊዞቹ የመርከቦቹን ፊት ከፍ አድርገው የሠሩት ለዚህ አይደል?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን የጨፈኑት እሳቸው እንዳልሆኑ!

እናንተስ መርከብ ቢሰጧችሁ የየትኛውን ወንዛችሁን ስም ታወጡላት ነበር?